እንጦጦ ፓርክን ያለ መኪና

ባለፈው ሴሚስተር ከክፍላችን ልጆች ጋር ሻይ ስንጠጣ አንዷ ጓደኛችን "አዲስ አበባ ብሄድ እንጦጦ ፓርክን ያለ መኪና መዞር ይቻላል?" ብላ ጠየቀች። አንዱ ቶሎ ብሎ "አይሞከርም!" አለ። ሌላው ደግሞ "ምን ችግር አለው፣ እግር የለሽም እንዴ?" ብሎ አሳቀን። እኔ ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት መልሱን ስለማላውቅ አይደለም። ፓርኩን ያለ መኪና ዞሬዋለሁ፤ ያውም ጉልበቱን የታመመ አባቴን ይዤ። የዚያ ቀን ነገር ግን በሻይ መሀል በሁለት ቃል የሚያልቅ ስላልመሰለኝ ለዲፓርትመንታችን መጽሔት ልጽፈው ወሰንኩ።

ነገሩ የሆነው በ2014 ዓ.ም. የካቲት ላይ ነው። ያኔ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅና የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ቤተሰቦቼ የሚኖሩት ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ በሚወስደው መንገድ፣ ከረቡዕ ገበያ አለፍ ብሎ ባለ ቀበሌ ውስጥ ነው። አገራችን ደጋ ነው። ገብስና ድንች ይበቅላል፤ የጥቅምት ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ይነጋል። ሜዳ የሚባል ነገር ግን ብዙም አናውቅም። ቤታችን ተዳፋት ላይ፣ እርሻው ከቤታችን በላይ፣ ጮቄ ደግሞ ከእርሻው በላይ ከ4 ሺህ ሜትር የሚያልፈውን ራሱን ጉም ውስጥ ከትቶ ይታያል። ከቤት እስከ እርሻችን ሽቅብ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። አባቴ ያንን ዳገት ዕድሜውን ሙሉ ሲወጣና ሲወርድ የኖረ ሰው ነው።

በዚያ ዓመት መስከረም ላይ ግን የቀኝ ጉልበቱ ያብጥ ጀመር። መጀመሪያ "ብርድ ነው" ተባለ። በቅቤ ታሸ፣ ጠበል ተጠመቀ፣ ማርቆስ ወርዶ መርፌ ተወጋ። አልተወውም። በመጨረሻ ሽሮ ሜዳ የምትኖረው አክስቴ "አምጡት፣ እዚህ እናሳየው" ብላ ደወለች። እናቴ ትንንሾቹን ትታ መሄድ ስለማትችል፣ የሴሚስተሩ ዕረፍትም ስለደረሰ፣ አስታማሚ ሆኜ እንድሄድ ተወሰነ።

ከማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አባቴ ዓባይን ተሻግሮ አያውቅም ነበር። አውቶቡሳችን ደጀንን አልፎ በረሃውን መውረድ ሲጀምር ከመስኮቱ ዓይኑን አልነቀለም። በጃፓን መንግሥት ዕርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀውን ድልድይ ስንሻገር ኮፍያውን አወለቀ። ከዚያ ወደ ጎሃ ጽዮን የሚወጣውን ዳገት እያየ "ይህን ዳገት በእግራቸው የወጡ ሰዎች ነበሩ እኮ፣ ልጄ" አለኝ። ከዚያ በኋላ እስከ ፍቼ አልተናገረም።

ሐኪሙ ራጁን ወደ ብርሃን አንሥቶ ካየ በኋላ አነጋገሩ ደግ ነበር፤ ወሬው ግን ደግ አልነበረም። "አባባ፣ የጉልበትዎ መጋጠሚያ ተጎድቷል። መድኃኒት እሰጥዎታለሁ፤ ሜዳ ላይ ይንቀሳቀሱ። ዳገትና ቁልቁለት ግን ከእንግዲህ ይተዉ" አለው። አባቴ ሳቀ። "ልጄ፣ የኛ አገር ሰው ዳገትና ቁልቁለት ከተወ ምን ላይ ይቆማል?" አለው። ሐኪሙም ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ያልሳቅኩት ለአባቴ ብቻ አዝኜ አይደለም። ለራሴም ፈርቼ ነው። የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ እኔ ነኝ። ወንድሞቼ አንዱ ሦስተኛ ክፍል፣ አንዱ ገና አንደኛ ክፍል ነበሩ። አባቴ እርሻው ድረስ ካልወጣ አንድ ሰው መውጣት ነበረበት። "ትምህርትሽን አቁሚ" ያለኝ ሰው የለም፤ ማንም ሳይለኝ ግን እኔ ራሴ ስለው አደርኩ።

ወደ አገራችን ልንመለስ ሁለት ቀን ሲቀረን አባቴ እራት ላይ "እስቲ ከመሄዳችን በፊት ምኒልክ የተቀመጡበትን ተራራ አሳዩኝ" አለ። በዚያውም በ2013 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ተመርቆ የተከፈተውን እንጦጦ ፓርክን እንድናይ አክስቴ ሐሳብ አቀረበች። ልጇ ግን፣ ወጣት ነው፣ ከጓደኞቹ ጋር በመኪና ሄዶ የሚያውቅ ነው፣ "መኪና ከሌላችሁ አትልፉ። ቦታው ሰፊ ነው፣ ከአንዱ አንዱ ይርቃል። አጎቴን ታደክሚዋለሽ" አለኝ። ኮንትራት ታክሲ ለግማሽ ቀን ስንት እንደሚጠይቅ ሰማሁና ተውኩት። በልቤ ግን ሌላ ነገር ነበር። አባቴ እንጦጦን ወጥቶ፣ ፓርኩን ዞሮ በእግሩ ከተመለሰ ሐኪሙ ተሳስቷል ማለት ነው። ሐኪሙ ከተሳሳተ ደግሞ ሁሉም ነገር እንደ ድሮው ይሆናል። በደብተሬ ላይ ፕሮግራም አወጣሁ። ማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ ቤተ መንግሥት፣ ፓርክ፣ ከተማው የሚታይበት ቦታ፣ መመለስ። ሰዓት ሁሉ ጽፌያለሁ። ዕረፍት የሚል ቃል ግን አልጻፍኩም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ?

በማግሥቱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከሽሮ ሜዳ በሚኒባስ ተነሣን። የሐበሻ ቀሚስና ጋቢ የሚሸጥባቸው ሱቆች ገና እየተከፈቱ ነበር። ታክሲው በባሕር ዛፉ መሀል እያቃሰተ ሲወጣ፣ ከላይ ደግሞ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ጎንበስ ብለው ይወርዱ ነበር። ሸክሙ ከሰውየዋ ይረዝማል። አባቴ በመስኮቱ እያያቸው "እነዚህስ ከኛም ይበልጣሉ" አለ። ረዳቱ ሒሳብ ሲቀበል ጋቢውንና ዱላውን አይቶ "አባባ ከጎጃም ነዎት?" አለው። "በምን አወቅከኝ?" ሲለው ታክሲው ሙሉ ሳቀ።

እንጦጦ ማርያም ወረድን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት እዚሁ ነው። አባቴ ቅጥሩን ተሳልሞ፣ ቀና ብሎ ግቢውን አየና ረጅም ጸሎት አደረሰ። ቀጥለን ቤተ መንግሥቱን አየን። በጭቃና በእንጨት የተሠራ፣ ኖራ የተቀባ፣ ጣሪያው ሣር የሆነ ቤት ነው። አባቴ ደግሞ በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በምኒልክ ጦር መማረካቸውን ከአያቱ ሲሰማ ያደገ ሰው ነው። ቤቱን ዞሮ ዞሮ ካየ በኋላ "ያሸነፈን ሰው እልፍኝ ከኛ እልፍኝ ብዙም አይበልጥም" አለ። ሳቃችን ቦታውን ሞላው። እስከዚህ ድረስ ቀኑ ያማረ ነበር። ጉልበቱም ደህና ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ስሕተቴ የጀመረው። መንገድ ላይ ያገኘሁትን ልጅ "ፓርኩ ሩቅ ነው?" አልኩት። "ኧረ እዚህች ናት!" አለኝ። ውድ አንባብያን፣ እኛ ባላገሮች "እዚህች ናት" የሚለውን ቃል እናውቀዋለን። ድምፅን ከፍ አድርጎ በአገጭ ወደ ፊት እየጠቆሙ "እዚህች" ከተባለ ግማሽ ቀን ሊያስኬድ ይችላል። አባቴም "ይህ ልጅ የኛ አገር ሰው መሆን አለበት" አለ። እያረፍን አርባ ደቂቃ ሄድን። እንጦጦ ከፍታው ወደ 3 ሺህ ሜትር ስለሚጠጋ የከተማ ሰው እዚያ ትንፋሽ ያጥረዋል። ሯጮቻችን ልምምድ የሚያደርጉትም ለዚህ ነው። ለኛ ለደጋ ልጆች አየሩ ምንም አልነበረም። የአባቴ ችግር ሳንባው ሳይሆን ጉልበቱ ነበር።

ፓርኩ በር ላይ ጥበቃው አባቴን እጅ ነሥቶ "ዱላዎን ይያዙት አባባ፣ ይደግፍዎታል" ብሎ አስገባን። ውስጡ ሌላ ዓለም ነው። የድንጋይ ንጣፍ መንገዶች በባሕር ዛፉ መሀል እየተጠማዘዙ ይሄዳሉ። ብስክሌት የሚነዳ አለ፣ ትንንሽ የውድድር መኪና የሚያሽከረክር አለ፣ ፈረስ የሚጋልብ አለ፣ ካፌ ተቀምጦ ቡና የሚጠጣ አለ። ከዛፍ ዛፍ በተዘረጋ ገመድ ተንጠልጥሎ እየጮኸ የሚያልፍ ጎረምሳ ስናይ አባቴ ቆመና "ይህ ልጅ ምን አጥፍቶ ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። "ከፍሎ ነው አባዬ" አልኩት። "ከፍሎ!" ብሎ በአፉ ላይ እጁን ጫነ።

ለአንድ ሰዓት ያህል እንዲህ እያልን ዞርን። አግዳሚ ወንበር ባገኘን ቁጥር አባቴ "ትንሽ ፀሐይ ልሙቅ" እያለ ይቀመጥ ነበር። ያኔ ፀሐይ ፈልጎ መስሎኝ ነበር። እኔ ደብተሬን አውጥቼ ሰዓት አያለሁ። ከዚያ ከተማው ቁልጭ ብሎ ይታያል የተባለበትን ቦታ ልፈልግ ብዬ ወደ ታች በሚወርደው መንገድ ያዝኩት። ቁልቁለት ያታልላል። እኔ ጤነኛዋ ሳላውቀው ወረድኩ። ለታመመ ጉልበት ግን ከዳገት ይልቅ ቁልቁለት እንደሚከፋ ያወቅኩት በኋላ ነው። ሃምሳ እርምጃ ቀድሜ እየሄድኩ "ና አባዬ፣ ደረስን! እዚህች ናት!" እላለሁ። ያን ቃል ከአፌ ሳወጣ እንኳ አላፈርኩም።

ዞር ስል አባቴ የለም። ተመልሼ ስወጣ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ዱላውን በሁለት እጁ ይዟል። የቀኝ እግሩ ከጭኑ ጀምሮ ይንቀጠቀጣል። ዳቦ ልቁረስልህ አልኩት፣ እንቢ አለ። ውኃ ሰጠሁት፣ ጠጣ። ከኛ በላይ የወረድነው ዳገት እንዳለ ቆሟል። ሰዓቱ ወደ 8 ሆኗል። የአክስቴ ልጅ ሥራ ላይ ነው፣ ብደውልለትም እዚያ ድረስ ምን ይዞ ይመጣል? ቦርሳዬ ውስጥ የቀረኝ ብር አራት መቶ ነበር። አጠገቡ ቁጭ አልኩና እንባዬ መጣ።

"ለምን እንዳመመህ አልነገርከኝም?" አልኩት።

"ልታሳዪኝ የፈለግሽውን ልይልሽ ብዬ ነዋ" አለ።

ትንሽ ቆየና ወደ ከተማው እያየ "አውቄብሻለሁ እኮ። ሐኪሙ ተሳስቷል እንዲባል ፈልገሻል" አለኝ። ምን እንደምመልስ ጠፋኝ። "እኔም ፈልጌ ነበር" አለ ቀጥሎ። "ተሳስቶ ቢሆን ምን ነበረበት። ግን አልተሳሳተም። ደግሞ የትምህርትሽ ነገር ከሆነ የሚያስለቅስሽ፣ ቆሜ ብቻ አይደለም አባትሽ የሆንኩት። ቁጭ ብዬም አባትሽ ነኝ።"

እንዲህ ሆነን ሳለን ነው ቅጠል የምትጠርግ አንዲት እናት መጥረጊያዋን ይዛ ወደኛ የመጣችው። "ምን ሆናችሁ ልጄ?" አለች። ነገርኳት። አባቴን አየችው፣ ዳገቱን አየችው። "እኔ ይህን ተራራ አሥራ አንድ ዓመት እንጨት ተሸክሜበታለሁ። እዚህ ሥራ ከያዝኩ ወዲህ ነው ወገቤ ቀና ያለው" አለች። ቀጥላም "ቀጥ ብሎ ዳገት የሚወጣው ባዶ እጁን የመጣ ብቻ ነው። ሸክም ያለበት ሰው እየዞረ፣ ጎን ጎኑን እየያዘ ነው የሚወጣው። ሃምሳ እርምጃ ይሄዳል፣ ይቆማል። የታመመ ጉልበት ደግሞ ሸክም ነው" አለችኝ። አባቴ ራሱን ነቀነቀ፤ "የተጫነ በቅሎም እንዲያ ነው የሚወጣው" አላት። ሁለቱ ገና በተገናኙ በአምስት ደቂቃ ስለ ዳገት እንደ ዘመዳሞች ማውራት ጀመሩ። እኔ ደብተሬን ዘጋሁት።

ሴትዮዋ ግን በምክር ብቻ አልተወችንም። ወደ መታጠፊያው አይታ "አንተ ልጅ! ፈረስህን ይዘህ ና እስቲ!" ብላ ተጣራች። አንድ ጎረምሳ፣ ከሱሉልታ በኩል የመጣ ነው፣ ዳማ ፈረስ እየሳበ መጣ። ሥራው ሕፃናትን ማዞርና ፎቶ የሚነሡ ሰዎችን ማስቀመጥ ነው። እስከ ላይኛው መንገድ ድረስ ሦስት መቶ ብር አለ። እሷ "አታፍርም! የአባትህ እኩያ ናቸው" ብላ ተቆጣችው። በመቶ ሃምሳ ተስማማን።

አባቴ ከድንጋዩ ተነሥቶ ወደ ፈረሱ ሲቀርብ ፊቱ ተለወጠ። መጀመሪያ አንገቱን ዳሰሰው። ከዚያ ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን አየ። ኮርቻውን ነቅነቅ አደረገና "ልጄ፣ ይህ ላልቷል፣ እንስሳውን ያቆስለዋል" ብሎ ማሰሪያውን ራሱ አጠበቀው። ልጁ ደንግጦ ያያል። ፈረስ የሚወጣው በግራ በኩል ነው። ግራ እግሩን እርካብ ውስጥ አስገባ፣ የኮርቻውን ጫፍ ያዘ፣ ያ የታመመ ቀኝ እግሩም በአየር ላይ ዞሮ ወዲያ ማዶ አረፈ። ልጁ በገመድ ሊስብለት ሲል "ልጓሙን ስጠኝ ልጄ" አለው።

ምን ልበላችሁ! ከደቂቃዎች በፊት እግሩ ሲንቀጠቀጥ ያየሁት ሰውዬ ፈረስ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ጋቢውን ወደ ኋላ አጣፍቶታል። ፈረሱን ቀጥታ አላስወጣውም። ሴትዮዋ እንዳለችው ከመንገዱ ጠርዝ ወደ ጠርዝ እያዘዋወረ፣ ሃምሳ እርምጃ ያህል ሲሄድ እያሳረፈው ወጣ። ሰዎች ቆመው ፎቶ ያነሡታል። አንድ ሕፃን "እማዬ፣ የታሪክ ሰው ነው?" ሲል ሰማሁ። እኔ ዱላውን በትከሻዬ አድርጌ ከኋላ እከተላለሁ። እንባዬ እንደገና መጣ፤ የአሁኑ ግን ሌላ ነበር። ለካ አባቴን ለአምስት ወር ያየሁት ጉልበቱን ብቻ ነው።

ላይ ስንደርስ ፈረሱን አመስግኖ፣ አዎ ፈረሱን፣ ወረደ። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ዳቦአችንን በላን። ለካ ከተማው ከዚያም ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። መውረድ አያስፈልገንም ነበር። ያኔ ነው አባቴ አንድ ያልነገረኝን ነገር የነገረኝ። ለሕክምናው የተበደረውን ለመክፈል ቤት ያለውን ፈረሳችንን ለአንድ ነጋዴ ሊሸጥ ቃል ሰጥቶ ነበር። "በጎቹን እሸጣለሁ" አለ። "ፈረስ የሚሸጠው እግር ያለው ሰው ነው።"

ተመለስን። አባቴ እርሻውን ለጎረቤታችን በእኩል ሰጠ። ይህ ለእሱ ቀላል አልነበረም። የራሱን ማሳ ሌላ ሰው ሲያርሰው ከታች ቆሞ ማየት ያማል፤ የመጀመሪያው ዓመት ምርቱም ቀንሶብናል። እሱ ግን በየሁለት በሦስት ቀኑ ፈረሱን ጭኖ ይወጣና "አረሙ ቀድሟችኋል" ብሎ ይመለሳል። እኔ ትምህርቴን ቀጠልኩ። ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህ በክልላችን ግጭት በመቀስቀሱ ብዙዎቻችን እዚህ የደረስነው ዘግይተን ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ በተደጋጋሚ ተዘግቷል፤ ከማርቆስ ወደየወረዳው የሚሄደው ትራንስፖርትም የቆመባቸው ቀኖች ነበሩ። መኪና በጠፋባቸው በነዚያ ቀኖች አባቴ ረቡዕ ገበያ ጨው የገዛው በዚያው ሳይሸጥ በቀረው ፈረስ ነው። ያን ጊዜ እንጦጦ ላይ ባይቀመጥ ኖሮ እያልኩ አስባለሁ።

ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ በሌላው ዓለም ያሉ ትልልቅ የመዝናኛ ፓርኮች ሰውን ያለ መኪና እንዴት እንደሚያዘዋውሩ ለማወቅ ጓጉቼ አነበብኩ። በአሜሪካ ፍሎሪዳ እ.ኤ.አ. በ1971 የተከፈተው ዋልት ዲዝኒ ወርልድ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል። የአዲስ አበባን አንድ አምስተኛ ያህል ማለት ነው። እንግዳው በአውቶቡስ፣ በጀልባ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ በአንድ ሐዲድ ላይ በሚሄድ ባቡር፣ ከ2019 ወዲህ ደግሞ በገመድ ላይ በሚንሳፈፍ ሣጥን ከቦታ ቦታ ይጓዛል። መራመድ ለሚከብደው ሰው በሩ ላይ ተሽከርካሪ ወንበር ይከራያል። እ.ኤ.አ. በ1992 የተከፈተው የፓሪሱ ዲዝኒላንድ ደግሞ የባቡር ጣቢያው ከበሩ አጠገብ ነው። ይህን ሳነብ የገረመኝ የገንዘቡ ብዛት አይደለም። አንድ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ "መራመድ የማይችለው ሰውስ?" ብሎ መጠየቁ ነው። ያን ቀን ያንን ጥያቄ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ሰዓት ጻፍኩ፣ ቦታ ጻፍኩ፣ አብሮኝ የሚሄደውን ሰው ግን ሳልጽፈው ቀረሁ።

በነገራችን ላይ ለጋዜጠኛም ትምህርት አለው። ያን ቀን ስንት ሰው "ሩቅ ነው?" ብዬ ጠየቅኩ! ሁሉም እውነቱን ነው የነገረኝ፤ በራሱ እግር ለክቶ። "ስንት ደቂቃ ያስኬዳል? ዳገት አለው? መቀመጫ አለ?" ብዬ ብጠይቅ ኖሮ ሌላ መልስ አገኝ ነበር። ከሁሉም በላይ ደግሞ አጠገቤ ያለውን ሰው "አመመህ ወይ?" ብዬ አልጠየቅኩም። ዋናውን ምንጭ ሳያነጋግሩ ዜና መሥራት ይሉታል አስተማሪዎቻችን።

እንግዲህ ለጓደኛዬም፣ ለሌሎቻችሁም፣ መንገዱ ሰላም ሆኖ እንጦጦ የመሄድ ዕድል ከገጠማችሁ የምለው ይህን ነው። ከሽሮ ሜዳ ሚኒባስ ይገኛል፣ በጠዋት ውጡ። ከላይ ጀምሩ፤ ደህና ጉልበት ሳለ የወረዱትን በደከመ ጉልበት መውጣት እንዳለ አትርሱ። ሁሉንም በአንድ ቀን ለማየት አትሞክሩ፣ ሁለት ሦስት ቦታ ይበቃል። ውኃና ስንቅ ያዙ፣ አዲስ ጫማ አታድርጉ። ዳገቱን ጎን ጎኑን ውጡት። በፕሮግራማችሁ ላይ "ዕረፍት" የሚለውን ቃል በትልቁ ጻፉት። "እዚህች ናት" የሚላችሁን ሰው ግን አመስግናችሁ እለፉ።

አንድ ቦታ ቅርብ ነው ሩቅ ነው የሚባለው አብሮን በሚሄደው ሰው እግር ነው፤ ያውም ከመካከላችን በዘገየው ሰው እግር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚሉት አያቶቻችን መኪና ስላልነበራቸው ብቻ አይመስለኝም።

ስለዚህ ጓደኛዬ፣ ያን ቀን ሻይ ላይ ያልመለስኩልሽ ጥያቄ መልስ ይኸው። አዎ፣ እንጦጦ ፓርክን ያለ መኪና መዞር ይቻላል። ግን አስቀድሜ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ከማን ጋር ነው የምትሄጂው?